ዘር አይቀይርም፣ ጥጃ ግን ያሳድጋል፦ ስለ አንድ የጥጃ መኖ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ካሉት መኖ ቤቶች በአንዱ ግድግዳ ላይ «የጥጃዎን ዘር የሚያሻሽል መኖ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተለጥፏል። የምጽፈው ከጽሑፉ ሥር ስለተደረደረው ባለ50 ኪሎ ጆንያ ነው። ጫጫ ዳር ባለው ግቢያችን አንዲት ጥጃ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይህን መኖ በልታ አሁን ጊደር ሆናለች። መኖው ጥሩ ነው፤ ጥጃ ያላችሁ ብትገዙት ገንዘባችሁ አይባክንም። ግድግዳው ላይ ያለው ቃል ግን እውነት አይደለም። የሚያሳዝነኝም እውነቱ ከማስታወቂያው ይልቅ የሚያስደንቅ ሆኖ ሳለ ለገበሬው የሚነግረው ሰው መጥፋቱ ነው።

የማስተምረው ባዮሎጂ ነው። ከደመወዜ ጎን እናቴና ባለቤቴ የሚያስተዳድሯቸው ጥቂት ዲቃላ ላሞች አሉን፤ ወተቱን ለማኅበር እናስረክባለን። ስለዚህ የጥጃን ነገር ከበረትም ከመማሪያ ክፍልም አውቀዋለሁ።

ጆንያው ሲፈታ መጀመሪያ የሚመጣው የሞላሰስ ጣፋጭ ሽታ ነው። ውስጡ የተከካ በቆሎ፣ የስንዴ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ጨውና የማዕድን ቅይጥ አለው። አፉ ላይ የተሰፋው ወረቀት ፕሮቲኑ 18 በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ ለትንሽ ጥጃ የሚመከረው ከ18 እስከ 20 በመቶ ስለሆነ ልኩ ላይ ነው። እኔ ከሁሉ የወደድኩት አፈጫጨቱን ነው። እህሉ ተከክቷል እንጂ አልደቀቀም። ብዙ ቦታ የሚሸጠው መኖ ዱቄት እስኪሆን ስለሚልም አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶ ያስነጥሳታል፣ ከምራቋ ጋር ተቦክቶ አፏ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ጥጃዋ ትተወዋለች። ይህኛውን ግን ባለቤቴ ወተት ካጠጣቻት በኋላ ጥቂት ቆንጥራ አፏ ውስጥ ስታደርግላት ሰነበተች፤ ብዙም ሳይቆይ ጥጃዋ ራሷ ገንዳውን መላስ ጀመረች።

በእኛ አገር ጥጃ የሚያድገው በትርፍ ነው። ላሟ ወተቷን እንድታወርድ ለጥቂት ጊዜ ይለቀቃል፣ ከዚያ ይታሰራል፣ ከታለበች በኋላ የቀረውን ይጠባል። ከፍ ሲል ደግሞ የገብስ ጭድና ድርቆሽ ይጣልለታል። እናቴ በዚህ መንገድ ብዙ ከብት አሳድጋለች፤ ዘዴው ጥጃን በሕይወት ያቆያል። ሆኖም ገና በለጋነቱ ጭድ ላይ የተጣለ ጥጃ ሆዱ ይነፋል እንጂ ሥጋ አይዝም። ምክንያቱን ለዱለት ጨጓራ አጥቦ የሚያውቅ ሁሉ በእጁ ዳስሶታል። በትልቁ ጨጓራ የውስጥ ግድግዳ ላይ ጥቅጥቅ ብለው የበቀሉት ሻካራ፣ ጣት መሳይ ነገሮች ከብቷ ከተብላላው መኖ ያገኘችውን ኃይል ወደ ደሟ የምትመጥባቸው ናቸው። አዲስ የተወለደ ጥጃ እነዚህ ገና አልወጡለትም፤ ትልቁ የምንለው ጨጓራ በእርሱ ሆድ ውስጥ ትንሽ ነው። የሚጠባው ወተት ደግሞ ይህን ትልቁን ጨጓራ በልዩ ቦይ አልፎ፣ ከአራቱ የጨጓራ ክፍሎች በቀጥታ ወደ መጨረሻው ይወርዳል። ስለዚህ ጥጃ ወተት ጠግቦም ጨጓራው ሳያድግ ሊቀር ይችላል።

ጨጓራውን የሚያሳድገው እህል ነው። የተከካው እህል ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ገብቶ በረቂቃን ተሕዋስያን ሲብላላ ከሚወጡት አሲዶች አንዱ ቡቲሬት ይባላል። ይህ ነገር ለጨጓራው ግድግዳ ምግብ መሆኑ ብቻ አይደለም ትልቅነቱ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ይቀመጣል፤ በጣም የጠበቀው ክፍል አይነበብም፣ የላላው ይነበባል። ቡቲሬት ጥምጥሙን የሚያጠብቁትን ኢንዛይሞች ሥራ ይገታል። በዚህም ተጠቅልለው የነበሩ ጂኖች ይፈታሉ፣ ይነበባሉ፤ የጨጓራው ግድግዳም ያድጋል፣ ጣቶቹም ይረዝማሉ። ጭድ ሲብላላ በብዛት የሚገኘው አሴቴት ነው፤ እርሱ ይህን ሥራ የቡቲሬትን ያህል አይሠራም። እንግዲህ በጠዋት አንድ ጭብጥ የተከካ በቆሎ ለጥጃ የሚሰጥ ሰው የጥጃዋን የዘረ መል አነባበብ እየነካ ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል።

ለተማሪዎቼ ይህን የማስረዳቸው በዜማ ነው። የዜማ ብራና የከፈተ ሰው ከፊደሉ በላይ ይዘት፣ ድፋት፣ ርክርክ የሚባሉ ትናንሽ ምልክቶች ያያል። ፊደሉ ቃሉን ይይዛል፤ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቆረጥ የሚነግረው ግን ምልክቱ ነው። የዘረ መልም ነገር እንዲህ ነው። ጥጃዋ ከኮርማውና ከላሟ የወረሰችው ጽሑፍ በመኖ አይፋቅም፣ አይጨመርበትም። በልጅነቷ የበላችው ነገር ግን ከጽሑፉ በላይ ያለውን ምልክት ይነካል። ከእነዚህ ምልክቶች ዋነኛው ዲ ኤን ኤው ላይ የሚለጠፍ ሜቲል የሚባል ጥቃቅን ኬሚካል ነው፤ ብዙ ጊዜ እርሱ የበዛበት ጂን ዝም ይላል። ሰውነት ሜቲልን የሚያዘጋጀው ደግሞ ከምግብ ከሚያገኛቸው ከሜቲዮኒን፣ ከኮሊን፣ ከፎሌትና ከቫይታሚን ቢ12 ነው። ጥናቱ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል።

ንብ የሚያረቡ የአንኮበር ተማሪዎች ከሁሉ ቀድመው ይገባቸዋል። ሠራተኛዋ ንብና ንግሥቲቱ ከአንድ ዓይነት እንቁላል ይፈለፈላሉ፤ ንግሥት የምትሆነው እጭ በልዩ ምግብ ስለምታድግ ብቻ አካሏም ዕድሜዋም ሌላ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እጮቹ ውስጥ ሜቲል የሚለጥፈውን ኢንዛይም ሲያዳክሙ አብዛኞቹ ልክ ልዩ ምግቡን እንደበሉት ወደ ንግሥትነት አድገዋል። ምግቡ የሚሠራው በዚያ ምልክት በኩል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ ለመኖ ቤቱ ባለቤት አስረድቼዋለሁ። ትሑት ወጣት ነው፤ በትዕግሥት ሰማኝና «ታዲያ መምህር፣ እርስዎስ ያሉት ዘሩን ያሻሽላል አይደለም?» አለኝ። አይደለም። የአገር ላም ጥጃ ይህን መኖ በመብላቷ ብዙ ወተት እንደሚሰጠው የውጭ ዝርያ እንደ ሆልስታይን አትታለብም። ወይም በግልባጩ፣ ከሆልስታይን የተዳቀለችው ጥጃ በረኃብ ካደገች ከአባቷ የወረሰችው አቅም ሳይነበብ ይቀራል። ዘር የሚሻሻለው ኮርማ በመምረጥና በማዳቀል ነው፤ መኖው የሚያደርገው የተወረሰውን ማውጣት ነው። ልዩነቱ የመምህር ጭቅጭቅ እንዳይመስላችሁ። አንድ ገበሬ «መኖው ዘር ያሻሽላል» የሚለውን አምኖ አዳቃይ መጥራቱን ቢተው፣ ላሟ ደግማ ከመንደሩ ተራ ወይፈን ብትጠቃ የሚከስረው ዓመታትን ነው።

ለጥጃ ዕድገት መጨነቅ የሚገባን ለምን እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ቁጥር ልጥቀስ። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ጥናት ከ1,200 በላይ ጊደሮችን መዝገብ ተመልክቶ፣ ጥጃ ወተት ከመጣሏ በፊት በቀን የምትጨምረው ክብደት በ1 ኪሎ ሲበልጥ ከመጀመሪያ ወሊዷ በኋላ በምትታለብበት ዘመን 850 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ወተት እንደምትሰጥ አግኝቷል። ወደ እኛ በረት ስናወርደው በቀን የ100 ግራም ብልጫ 85 ኪሎ ወተት መሆኑ ነው። በእርግጥ የእነርሱ ላሞች ሌላ፣ አያያዛቸውም ሌላ ነው፤ ቁጥሩን ጫጫ ላይ እንዳለ መትከል አይቻልም። አቅጣጫው ግን ያው ነው። ጡቷ ገና ምልክቱም ሳይታይ ወደፊት ወተት የሚያመነጨው ክፍል በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ይመሠረታል።

አሁን መኖው የማይተካውን ልናገር፣ ምክንያቱም ጆንያው ላይ የተሰፋው ወረቀት ስለዚህ ምንም አይልም። የመጀመሪያው እንገር ነው። የላም እንግዴ ልጅ በሽታ የሚከላከሉትን አካላት ለጽንሱ ስለማያሳልፍ ጥጃ ባዶ እጁን ይወለዳል። አንጀቱ እነዚያን አካላት እንዳሉ የሚያሳልፈው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር መተላለፊያው ይጠብባል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል። የክብደቷን 10 በመቶ ያህል፣ ማለትም 30 ኪሎ ለምትመዝን ጥጃ 3 ሊትር፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ማግኘት አለባት። እንገር ውስጥ ደግሞ ከመከላከያው ሌላ ዕድገትን የሚያዝዙ ሆርሞኖች አሉ። በአሳማዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንገር ያላገኙ ግልገሎች ማሕፀን ውስጥ የጂኖች አነባበብ እንደሚለይ፣ እንገር ያነሳቸው ሴቶችም አድገው በአንድ ወሊድ የሚወልዱት ቁጥር እንደሚያንስ አሳይተዋል። አንድ ቀን የጠጡት ነገር እናት ሲሆኑ ይታያል ማለት ነው። እንገሩን አፍልቶ ለልጆችና ለጎረቤት ማቅመስ ደስ የሚል ልማድ ነው፤ ባለቤቴም ታደርገዋለች። ግን ጥጃዋ ከጠገበች በኋላ።

ሁለተኛው ውኃ ነው። ወተት ትልቁን ጨጓራ አልፎ እንደሚሄድ ተናግሬያለሁ። ታዲያ እህሉ በምን ይብላላ? ንጹሕ ውኃ ካልተቀመጠላት ጥጃዋ መኖውን አትበላም፣ የበላችውም በደንብ አይብላላም። «ወተት እየጠጣች ውኃ ምን ያደርግላታል?» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ መኖ ቤቱ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ቢያትም ከማስታወቂያው ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ሦስተኛው ብርዱ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የአሰጣጥ መጠን ለመተሐራም ለደብረ ብርሃንም አንድ ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ያድራል። አየሩ ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ገና የተወለደ ጥጃ ከበላው ላይ ለሙቀት ማውጣት ይጀምራል፣ ለዕድገት የሚተርፈው ያንሳል። ስለዚህ በውርጭ ወራት ወተቱ መጨመር፣ ማደሪያው ላይም ደረቅ ጭድ መጎዝጎዝ አለበት። ያለዚያ የተወደደው መኖ ሌሊት ሌሊት ብርድ ሲከላከል ያልቃል።

ታላቅ ወንድሜ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ አለፍ ብሎ በግ ያረባል። ይህን መኖ ለግልገሎቹ ሊገዛ ፈልጎ ጠየቀኝ። ለነፍሰ ጡሮቹ በጎች ቅድሚያ እንዲሰጥ መከርኩት። የመንዝ በግ ብርዱንና ረኃቡን የሚችል፣ ላቱ ወፍራም፣ ጸጉሩ ሻካራ የሆነ ብርቱ ዝርያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አርቢዎች በጋራ ምርጥ አውራ እየመረጡ የሚያረቡበት ሥራም ተጀምሮበታል። ምርጥ አውራ ሰጥቶ እናቲቱን ማስራብ ግን የተጀመረውን ማፍረስ ነው። በግ የምታረግዘው ለ5 ወር ነው፤ ጽንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሲሆን የጡንቻው ክሮች ብዛት ደግሞ ከመወለዱ በፊት ይወሰናል። ከዚያ በኋላ ክሮቹን ማወፈር ይቻላል፣ ቁጥራቸውን መጨመር አይቻልም።

ከእርግዝናም በፊት የሚጀምር ነገር አለ። የእንግሊዙ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሥራ በጎቹን ከመፀነሳቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት ጀምሮ ፅንሱ 6 ቀን እስኪሆነው ብቻ ቫይታሚን ቢ12፣ ፎሌትና ሜቲዮኒን አሳነሱባቸው፤ ከዚያ ፅንሶቹን በደንብ ወደተቀለቡ በጎች ማሕፀን አዛወሩ። ግልገሎቹ ሲወለዱ ክብደታቸው እንደ ሌሎቹ ነበር፤ ማንም አይቶ አይለያቸውም። ሲያድጉ ግን ስብ የበዛባቸው፣ ኢንሱሊን በደንብ የማይሠራላቸው፣ የደም ግፊታቸው የጨመረ ሆኑ፤ በተለይ ወንዶቹ። ከተመረመሩት 1,400 የዲ ኤን ኤ ቦታዎችም 4 በመቶ ያህሉ ላይ የሜቲሉ ምልክት ተለውጦ ነበር። ወንድሜን ያልኩት ይኸው ነው፦ ከአውራው ጋር ከመገናኘታቸው በፊትና ሊወልዱ ሲቃረቡ የባቄላ ገለባና የትሪ ሉሰርን ቅጠል ጨምርላቸው፤ አሞሌ ጨውም አይጥፋ። የከተማ ጆንያ መግዛት አያስፈልገውም።

ወደ መኖ ቤቱ ልመለስና ቅሬታዬን ልናገር። የጥጃው መኖና የወተት ላሟ መኖ በአንድ ዓይነት ጆንያ ነው የሚመጡት፤ የሚለያቸው አፉ ላይ የተሰፋው ወረቀት ቀለም ብቻ ነው። ወረቀቱ ከተቀደደ ማን ያውቃል? ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለላም በሚዘጋጅ መኖ ውስጥ ዩሪያ ሊኖር ይችላል፤ ትልቅ ጨጓራ ያላት ላም ትጠቀምበታለች፣ ለትንሽ ጥጃ ግን መርዝ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ለእኔ የላሙ መኖ ተጭኖልኝ ነበር፤ ያወቅሁት ሽታው ስለተለየብኝ ነው። ባለቤቱ ያለ ክርክር ቀይሮልኛል፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ንባብ ለማይችሉ እናቶች ግን ከሽታ የተሻለ መለያ ይገባቸዋል።

የምርት ቀንም የለውም። በኑግ ፋጉሎ ለተሠራ መኖ ቀን አለመጻፍ ትልቅ ጥፋት ነው። በአዲስ አበባና አካባቢዋ ባለው የወተት ምርት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የአፍላቶክሲን ዋና ምንጭ ሆኖ ያገኘው የኑግ ፋጉሎን ነው። አፍላቶክሲን ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ ነው፤ ጉበት ይጎዳል፣ ዕድገት ይገታል፣ በላሟ በኩል ወተት ውስጥ ይገባል። ክረምት ላይ የገዛሁት አንድ ጆንያ ታቹ ረጥቦ፣ ተጋግሮ፣ የሻጋታ ጠረን ነበረው። ስለዚህ ስትገዙ ጆንያውን አስፈትታችሁ እጃችሁን እስከ ታች አስገቡ፤ ከሞቀ፣ ከተጋገረ ወይም የጓዳ ሽታ ካለው አትውሰዱት። ቤት ስታደርሱትም እንጨት ላይ አስቀምጡት፣ መሬት አይንካ።

ውጤቱን ለሚጠይቁኝ፦ ጥጃችን ታላቅ እህት አላት፤ ከዚያችው ላም፣ በዚያው ኮርማ ዘር የተወለደች፣ በቀድሞው መንገድ ያደገች ናት። የሁለቱንም የደረት ዙሪያ በሜትር እየለካሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ወተት በጣለችበት ጊዜ ይህችኛዋ ከእህቷ አራት ጣት ያህል ትበልጥ ነበር፤ ጸጉሯ ያበራል፣ ቀድማም ማመስኳት ጀምራለች። ልዩነቱን ሁሉ ለጆንያው አልሰጥም። ለዚህችኛዋ እንገሩም ወተቱም በዝቶላታል፣ የዚያ ዓመት ድርቆሽም የተሻለ ነበር። ሁለቱ አንድ ዘር ይዘው ሁለት ዓይነት ጊደር መሆናቸውን ግን በረታችን ለመጣ ሰው ሁሉ አሳያለሁ።

ዋጋው ከፉርሽካ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ስለሆነ ረጅም ጊዜ መግዛት አያዋጣም፣ አስፈላጊም አይደለም። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራችሁ በትንሽ በትንሹ አቅርቡ፤ ያደረውን አንሥታችሁ ለላሟ ስጡና ለጥጃዋ አዲስ አድርጉላት። በቀን 1 ኪሎ ያህል ለ3 ተከታታይ ቀናት ስትጨርስ ጨጓራዋ ደርሷል፤ ያኔ ወተቱን ቀስ በቀስ ማስጣል ይቻላል። ድርቆሽ በደንብ መብላት እስክትለምድ መኖውን አታቋርጡባት። ስድስት ወር ገደማ ሲሞላት እኛ ጆንያ መግዛት አቁመን ፉርሽካ ከጥቂት ፋጉሎና ከአልፋልፋ ድርቆሽ ጋር ራሳችን ማደባለቅ ጀመርን፤ ዕድገቷም አልቀነሰም።